ከቆጥ ያወረድኩት ጣሳ

አየልዬ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሆነን። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ይህን የምጽፍልህ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሆኜ ነው። ተማሪዎቹ ለምሳ ወጥተዋል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ፤ ሦስተኛው ይኸው። ብትኖር «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ፤ ዛሬስ እውነትህን ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ዝናቡ የቦንጋ ዝናብ ነው፣ ታውቀዋለህ። ጫማዎቼ እንደ ልማዳቸው ሻጋታ ለብሰዋል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ያለቅሳል። የጓሮው በር አብጦ አልዘጋ ብሏል። አንተ በመላጊያህ ሁለቴ ገፋ ገፋ አድርገህ ታስተካክለው ነበር፤ እኔ በትከሻዬ እየገፋሁት ትከሻዬ ጠቁሯል። የመሥሪያ ጠረጴዛህን አልነካሁትም። አልነካሁትም ስልህ እንዳትታለል፣ ከሥሩ ግንድ ወስጃለሁ። የትኛውን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ወንድምህ ጋሽ በቀለ ከርከሮ ጭናቸውን ከቀደዳቸው ይኸው ሦስት ዓመት አልፏል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደጃችንን አልረገጡም። በቀብርህ ቀን እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው፣ አፈሩ ሲገባ ዞረው ሄዱ። በሚኖሩበት በማንኪራ ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ከርከሮው ተመቷል፣ ግን አልወደቀም፣ ምክንያቱም የአየለ ጥይት ሰነፍ ነበረች። አንተ ይህን እየሰማህ ሁለት ዓመት ኖርክ። ክፉ ቃል አልመለስክም። እጅህን ዳግመኛ ባሩድ አላስነካህም።

እኔ ግን መልስ መስጠት ፈለግሁ። በሙት ዓመትህ ድንኳን ውስጥ ጋሽ በቀለ በታላቅ ወንድም ቦታቸው እንዲቀመጡ ፈለግሁ። እሳቸው የሚቀመጡት ደግሞ ጥይትህ ሰነፍ እንዳልነበረች ሲያምኑ ነው፤ ለማሳመን የማውቀው መንገድ መለካት ብቻ ነው።

ትዝ ይልሃል? የአባታችሁ ጠመንጃ ጥይት ከገበያ ከጠፋ በኋላ ቀለሁን እየለቀምክ እንደገና ትሞላው ነበር። ትንፋሽህን ይዘህ፣ ቅንድብህ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደተቀመጠ። የሞላኸውን ለመለየት ከቂጡ ላይ በሞረድ አንዲት መስመር ትጭር ነበር። «ከፋብሪካው እኩል ትሮጣለች» ትለኛለህ። እኔ «ማን ለካልህ?» እልሃለሁ። አንተ ደግሞ «የፊዚክስ አስተማሪዋ አንቺ፣ ለክተሽ ንገሪኛ!» ትለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ እለካልሃለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜ አለፈ።

አሁን ለካሁልህ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይገባህ ነበር። የጥይትን ፍጥነት በዓይን ማየት አይቻልም። በገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ግንድ ላይ ቢተኮስ ግን ግንዱ ጥይቷን ውጦ ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ብዙ ከሄደ ጥይቷ ፈጣን ናት፣ ጥቂት ከሄደ ዘገምተኛ። የግንዱንና የአረሩን ክብደት፣ የገመዱንም ርዝመት ካወቅህ የቀረው ስሌት ነው። አልጋ ልትሠራልን ያስቀመጥከውን የዋንዛ ግንድ ወሰድኩ። ይቅር በለኝ፣ ከእሱ የሚስተካከል አጣሁ። የቡና ነጋዴዎቹ ሚዛን ላይ ሳወጣው ሠላሳ ኪሎ ሆነ። አረሩን በቤተ ሙከራው ሚዛን መዘንኩ። ፖሊስ ጣቢያ ፈቃድ ስጠይቅ ተረኛው «መምህርት፣ ፊዚክስ በጥይት ነው እንዴ አሁን?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ፈቀደልኝ። የባጃጁ ልጅ ግንዱን ሲጭንልኝ ምን ልሠራበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ልናስተኩስበት ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከምንወርድ ድረስ አላናገረኝም።

ጠመንጃው በሕግ ወደ ጋሽ በቀለ ስም ዞሯል፤ ስለዚህ የሚተኩሱት እሳቸው መሆን ነበረባቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሺ ያሉኝ ሊያሳፍሩኝ መሰለኝ። ከማሳቸው በታች፣ ከጀርባው ገደል ካለበት ቦታ፣ ግንዱን አጋድመን፣ ጫፉን ወደ ተኳሹ አዙረን፣ በአራት ገመድ አንጠለጠልነው። ከኋላው አንዲት ቀላል ዘንግ አስቀመጥኩ፤ ግንዱ ሲሄድ ይገፋታል፣ ሲመለስ እሷ ባለችበት ትቀራለች። እኔ በማስመሪያ አነባለሁ።

መጀመሪያ የፋብሪካዎቹን ሦስት፣ ከአባታችሁ ዝናር ላይ ፈትተን። አሥራ ሦስት ሴንቲ ተኩል፣ አሥራ ሦስት ተኩል፣ አሥራ አራት። ቀጥሎ ከዚያው ዝናር ላይ ያንተን ሦስት። አሥራ ሦስት ተኩል። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ተኩል። አየልዬ፣ ልዩነቱ የጥፍር ያህል ብቻ! እዚያው ማሳው ውስጥ እልል ልል ነበር። ጋሽ በቀለ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው በቋንቋችሁ በካፊኖኖ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ። ግማሹ ገባኝ፤ «እጁስ ደህና ነበር» የሚል ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጨረቃን የጨበጥኩ መስሎኝ አላቆምኩም። በቦርሳዬ ውስጥ ጥይት ታስቀምጥበት የነበረው የወተት ዱቄት ጣሳህ ነበር፣ ከታቹ በጨርቅ የታሰሩ አራት ጥይቶች ነበሩበት። ያንተ መስመር ያለባቸው ናቸው። እነዚህም ይጨመሩ፣ ማስረጃው ይብዛ ብዬ ጨርቁን በጥርሴ ፈታሁት። አንዲት ወረቀት ሣሩ ላይ ወደቀች፤ አየኋት፣ በኋላ አነሳታለሁ ብዬ ተውኳት።

የመጀመሪያዋ ዘጠኝ ሴንቲ ገፋች። ማስመሪያውን ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ አየሁ፤ ዘጠኝ። ሁለተኛዋ ስምንት። ሦስተኛዋ ቃታው ከተሳበ በኋላ ዝም አለች፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይታ ፈነዳችና ስድስት ገፋች። አራተኛዋን ጋሽ በቀለ አልተኮሷትም። ጠመንጃውን አውርደው ጭናቸውን ያዙ። «ይቺ ናት» አሉኝ። «የኔዋ ይቺ ናት። ድምፅዋንም አውቀዋለሁ።» ከዚያ የእጅ ሥራ እንደዚህ ነው፣ አንዱ ይሠምራል፣ አንዱ ይከሽፋል ብለው እያነከሱ ሽቅብ ወጡ።

ወረቀቷን ያነሳሁት ገመዱን ስጠቀልል ነው። በአናጢ እርሳስህ እንዲህ ብለሃል፦ «ከመጋዘን የወጡ። እርጥበት ገብቷቸዋል። እንዳይተኮሱ።»

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ አገር ብርድ እንጂ እርጥበት አይፈራም፤ ዕቃ መሬት ላይ ቢቀመጥ ቢበዛ የሚያገኘው አይጥ ነው። እዚህ ግን ደረቅ እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር ሁሉ፣ ዘሩም በቆሎውም፣ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ይወጣል። አንተ ጣሳህን እዚያ ስታስቀምጥ በየቀኑ ልቤ ይሰቀል ነበር። ባሩድ ከእሳት በላይ! ቢታ ገነት ከተማ በር ልትሠራ ሄደህ ሁለት ወር በቆየህበት ክረምት ጣሳውን አወረድኩትና መጋዘኑ ውስጥ ከከሰል ጆንያው ጀርባ መሬቱ ላይ አስቀመጥኩት። ዝናሩን ከጣሪያው ሥር ካለው ሚስማር ለማውረድ ቁመቴ አልደረሰም፤ እሱ ተረፈ። ነሐሴ ላይ ጋሽ በቀለ ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰው ብለው መጡ። ከጣሳው አምስት ቆጥሬ በእጄ ሰጠኋቸው። በእጄ፣ አየልዬ።

ስትመለስ ወንድምህ ቆስለው ተኝተው ነበር። ጣሳውን አገላብጠህ አይተህ የት እንደነበር ጠየቅኸኝ። ለእሳት ፈርቼ መጋዘን አድርጌው እንደነበር ነገርኩህ። ከመላጊያህ ቀና አላልክም። «ደግ አደረግሽ» አልከኝ። እኔም ደግ ያደረግሁ መሰለኝና ወጥ ላማስል ገባሁ።

ደግ አደረግሽ! ይህን ቃል ካስታወስኩ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ቤቱ ውስጥ ከጓሮ በር እስከ መንገድ በር እመላለሳለሁ። ለተማሪዎቼ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳቁብኝ። ተናድጄብሃለሁ፣ ልንገርህ። ብትነግረኝ ምን ይሆን ነበር? ወንድምህ ይጮሁብኝ ነበር፣ «ከሩቅ ያመጣሃት ሴት ገደለችኝ» ይሉ ነበር፣ ሰዉም ይቀባበለው ነበር። ይህን ፈርተህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ይቅርታ የምጠይቅህበትን ጊዜ ወሰድክብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገብህ ተኝቼ፣ ስምህ በእኔ ጥፋት ሲነሳ እኔም አብሬ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው» እልልህ ነበር። አንተ ሻይህን ትጠጣለህ። እንዴት አስቻለህ?

የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ወረቀቷ በደረት ኪሴ ናት። ጋሽ በቀለ የእጅ ሥራ እንደዚህ ነው ብለው ተስማምተዋል፤ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። አንተም ዝም እንድል ትመርጥ ይሆናል። እኔ ግን እንዳንተ አይደለሁም፣ አልችልበትም።

ቅዳሜ

ማንኪራ ሄጄ መጣሁ። ጋሽ በቀለ ከደጃቸው የቀፎ ክዳን ይጠግኑ ነበር። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣሳውን፣ መጋዘኑን፣ አምስቱን ጥይት የቆጠርኩበትን እጅ። ወረቀቷን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው ሁለት ጊዜ አነበቧት። ተቀመጪ አላሉኝም። የቀፎውን ክዳን አስቀምጠው የነገሩኝን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን የሰማሁት ዛሬ ነው። ተኝተው ሳለ መጥተህ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠህ፣ ባሩዱን ያሳነስኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ስቷል ብለህ ምለህላቸዋል።

«ልጅ ሆኖ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ነበር» አሉኝ። «የዚያን ቀን ቁስሌን እንጂ ጆሮውን አላየሁም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዞሩ፤ እኔም ወደ ማሳው ተመለከትኩ። ይቅር አልኩሽ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ልሄድ ስል፣ ሳይዞሩ፣ ለሙት ዓመቱ ማር ከሰው እንዳልገዛ አዘዙኝ። እሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ያለውን ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ።

የቀረችውን አንዲት ጥይት ፖሊስ ጣቢያ አስረከብኩ። ጣሳውን አጥቤ አደረቅሁት፤ ወረቀትህን በውስጡ አድርጌ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ከምድጃው በላይ ከቆጡ ላይ፣ አንተ ታስቀምጠው ከነበረው ቦታ መለስኩት። ሰው ቢጠይቀኝ ምን እንዳለበት እነግረዋለሁ፣ ያወረድኩትም እኔ እንደነበርኩ። በዚህ ቤት እሳት የማነድደው እኔ ነኝ፤ እስካለሁ ድረስ ወረቀትህ አትረጥብም።