በስልክ ያስተማርኩሽ ዮጋ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ግራው ጎን፣ ወደ ዳሌሽ የሚወርደው እንዴት ነው? ከአልጋ ስትወርጂ እግርሽ አሁንም ይደነዝዛል ወይስ ተወሽ? የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀምረሻል ወይስ ጨርቁ እንደተቆረጠ ተቀምጧል? እንዲህ አንድ በአንድ የምጠይቅሽ፣ ዝም ብዬ "እንዴት ነሽ" ካልኩሽ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልልም" እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር። ግን አይደለሁም፤ እህል አልዋጥ ብሎኝ ሰንብቷል።

ባለፈው ሐሙስ ስደውል አንቺ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ኖሮ ስልኩን ያነሳችው ልጅሽ ናት። የማውቅ መስሏት "አሁንማ ይሻላታል፣ ብቻዋን መገላበጥ ጀምራለች" አለችኝ። የምን መገላበጥ ነው ብዬ ሳጣድፋት ሁሉንም ዘረገፈችው። ለካ አምስት ሳምንት ሙሉ ተኝተሻል። በየእሑዱ እኔ ስደውል ግድግዳውን ይዘሽ ተነስተሽ ትቀመጫለሽ አለችኝ፣ ድምፅሽ የተኛ ሰው ድምፅ እንዳይመስል። ስልኩ ሲዘጋ ባለቤትሽ ደግፎ መልሶ ያስተኛሻል። ያን ስሰማ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያለፈው እሑድ ሳልደውል የቀረሁትም ሥራ በዝቶብኝ ሳይሆን አፌ ስላልደፈረ ነው። ልጅቷን አደራ እንዳትቆጪያት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ እስካሁን የነገርኩሽ ጉራውን ጉራውን ብቻ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ መተኮስና ማጠፍ ነው። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን "ጥድፊያ" የምንላት ጓደኛዬ ትይዛለች፤ ስሟን ያወጣንላት እኔን ሳትጠብቅ ስለምትስበው ነው። በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ትከሻዬ ተያዘና ፀጉሬን እንኳ መጎንጎን አቃተኝ። የክሊኒኩ ነርስ ከመድኃኒቱ ጋር ዮጋ ብትሞክሪ አለችኝ።

ክፍሉ ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ወንበሮቹ ጥግ ላይ ይደራረባሉ፣ ወለሉ ከታች ባለው ምድጃ ይሞቃል። መምህርቷ ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ፀጉሯ ሸብቶ በአጭሩ የተቆረጠ ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን በጀርባችን አስተኛችንና "እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፣ ሲነሳና ሲወርድ አዳምጡ" አለች። ሌላ ምንም የለም። መተኛት ለመማር ነው እንዴ ከሥራ በኋላ ደረጃ የወጣሁት ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከዚያ ያ ሙቀት እንቅልፍ ጣለብኝና አንኮራፋሁ። ስነቃ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል።

በአራት ወር ትከሻዬ ተፈታ። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ከጎረቤቴ ደብተር ላይ አይነሳም። ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት እየተሳብኩ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ጣቴ ወለሉን ሲነካ አለሁ አልኩ፤ ዓመት ሳይሞላ መዳፌ ነካ። መምህርት ይህን አይታ "ጀማሪዎችን አብረሽኝ ታስተምሪያለሽ" አለችኝ፤ መጀመሪያ ግን ስድስት ወር ከኋላ ተቀምጬ እንዳይ፣ ማንንም እንዳልነካ፣ ማንንም እንዳላርም። ሦስት ወር ታገሥኩና ሰለቸኝ። እዚህ ቢከለክሉኝ እህት አለችኝ አልኩና በእሑድ ስልካችን አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩብሽ።

ሠላሳ ዓመት ስፌት መኪና ላይ ጎብጠሽ የኖርሽ ሰው መሆንሽን እንኳ አላሰብኩም። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጪ፣ እግርሽን አጋጥሚ፣ ጉልበትሽን እንዳታጥፊ፣ ጎንበስ፣ አሁንም ጎንበስ እልሽ ነበር። ደግሞ እኮ አላይሽም። እዚህ መምህርት "ያመመው ይቁም" ስትል ሰዉ እጁን እያወጣ አመመኝ ይላል፤ አንዳንዱማ ሳያመውም ይላል። በእኛ ቤት ግን አስተማሪ ፊት አመመኝ ያለ ማን አለ? አንቺ እንደሆነ ያዘልሻት ሕፃን እንኳ አስተማሪሽ ነኝ ካለች አስተማሪ ናት። "ነካሽ?" ስልሽ "ነካሁ" አልሽኝ። በማግስቱ የሃምሳ አራት ዓመት እህቴ መሬት ነካች ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አወራሁ፣ አጨበጨቡልሽ። አንቺ ያን ሰዓት ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛብኝ ብለሽ ትምህርቱን ስታቆሚ "ሰነፍሽ" ብዬ ቀልጄብሻለሁ። እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ለመምህርት ሄጄ ነገርኳት። ታባርረኛለች ብዬ ምንጣፌን ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት። አላባረረችኝም፤ ከተደረደሩት ወንበሮች ሁለት አውርዳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "እሷ ደብቃሻለች፣ አንቺም አልጠየቅሻትም፣ እንዴት ነሽ ማለት መጠየቅ አይደለም" አለችኝ። ሰው በአፉ ደህና ነኝ ይላል እንጂ ትንፋሹ አይደብቅም፣ ትንፋሽ ሲቆም አስተማሪም ይቆማል አለች። ለካ ያ የመጀመሪያው ቀን መተኛት ዋናው ትምህርት ነበር፣ እኔ እያንኮራፋሁ አለፍኩት። ከዚያ "ትንፋሿን አልሰማሽም ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር አልኳት።

እትዬ፣ ለእሷ ዋሽቻታለሁ። ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለአንቺ። በሦስተኛው እሑድ ትንፋሽሽ ቁርጥ ሲል ሰምቻለሁ። መስመሩ እንዳልተቋረጠም አውቅ ነበር፣ ከደጅ የልጆች ጫጫታ ይሰማኝ ነበርና። "ትንሽ ነው የቀረሽ፣ አንዴ ብቻ" ያልኩሽ ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ በዚህ እሑድ ትነካለች ብዬ ለክፍሉ አስቀድሜ ስለተናገርኩ እንዳላፍር ብዬ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔን ያዘልሽበትን ወገብ ለጉራዬ ስል ጎዳሁት። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይቅር በዪኝ።

ስድስት ወሩ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። እኔ ግን ከአንቺ መልስ ሳይመጣ የጀማሪዎቹን ክፍል አልይዝም። የት የት እንደሚያምሽ፣ ምን እንዳቃተሽ፣ በእኔም ምን ያህል እንደተናደድሽ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። መልስሽ "ደህና ነኝ" ከሆነ ሌላ ስድስት ወር ከኋላ እቀመጣለሁ። ሐኪሙ ያላዘዘሽን ምንም እንዳትሠሪ። እሱ ከፈቀደ ብቻ ወለሉ ላይ ወፍራም ነገር አንጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ፣ እግሮችሽን የስፌት ወንበርሽ ላይ አውጫቸው፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በቃ፣ ይኸው ነው። ብታንኮራፊም ተምረሻል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በደህናው ጆሯቸው በኩል ሆነሽ ሰላም ብላለች በያቸው። ባለቤትሽን ጋሼን፣ እኔ የጣልኩሽን እሱ እያነሳሽ ስለከረመ፣ ውለታው አለብኝ በዪልኝ። ልጅሽን አገላብጠሽ ሳሚያት፤ ሚስጥር አልችል ስላለች ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ። ጎረቤታችን "ራዲዮኗ" የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስታደርሰኝ ኖራ ይህን አንዱን በመደበቋ ተቀይሜያታለሁ፤ ሰላምታዬን ግን አድርሽላት።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጥድፊያ ናት፣ ለእረፍት ወደዚያ ትመጣለች፤ ዓርብ እጅሽ ይገባል። እሑድ በለመድነው ሰዓት እደውላለሁ። እትዬ፣ ተነስተሽ እንዳትቀመጪ። ተኝተሽ አንሺው።

አዝለሽ ያሳደግሻት ታናሽሽ

ከልብስ መተኮሻው ቤት በስተጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን