መሪጌታ በበዓለ ሃምሳ ሲከሱ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
የመሪጌታን ቀሚስ ዛሬም አጠበብኩት። ከጥር ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። ባሌ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ድሮ በር የሚሞሉ ሰው ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጾሙ ሰምሮላቸዋል» ይላል። እኔም ሞኟ ሁዳዴውን ሙሉ ስኮራ ከረምኩ። ፋሲካ ካለፈ ግን ሦስት ሳምንት ሆነው። ቅቤው አለ፣ በጉም ታርዷል፣ ሰውየው አሁንም ይከሳሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ምሳ ቅቅል አቀረብኩ። ገፉት። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ምን ነካሽ?» የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ለቀዬው ሰው ሁሉ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው! ነገርኳቸው። ሁለት ጉርሻ በሉና ተነሡ። ቅቅሉን ወደ ጓዳ መለስኩት።

ሐሙስ
ሳልነግራቸው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ስትጠይቀኝ ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን ዘረገፍኩት፦ ምሳ ሳይበሉ «በልቻለሁ» ማለታቸውን፣ ካልቀረበላቸው ረሃብ እንደማይሰማቸው፣ የወንድማቸው ስም እንደጠፋቸው።
«ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜ ሰው ሳያስበው ሲከሳ ዝም አይባልም» አለች። «አንዳንዴ ክብደቱ ቀድሞ ይቀንሳል፣ መርሳቱ ይከተላል። በሌላ፣ በሚድን በሽታም ይሆናል። ደብረ ብርሃን ይታዩ።»
«የሚድን» ያለችውን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ
ነገርኳቸው።
«አብደዋል ነው የምትይኝ?»
«ከስተዋል ነው ያልኩት።»
«ጸበል እገባለሁ።»
«ይግቡ። ሐኪም ቤትም እንሂድ።»
ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። እኔም አኮረፍኩ፤ በኩርፊያ ከማን አንሼ! ማኅሌት መምራቱን እንዳይነጥቋቸው እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እኔ የምፈራው ስሜን የሚረሱበትን ቀን ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 10
ከቅዳሴ ተመልሰው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።
«ማኅሌት ላይ ዜማው ጠፋኝ» አሉ። «አጠገቤ የቆመው ደብተራ አነሣልኝ። የዛሬ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከጥምቀት ጀምሮ ነው። እንዳትደነግጪ ብዬ ደበቅሁሽ።»
አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ ሰው እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ከሚስቱ ይደብቃል? ከዚያ ሁለታችንም በላን፣ እሳቸውም ከሌላው ቀን ሻል አድርገው በሉ።
ነገ በማለዳው ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። «ሐኪሙ ዘንድ አብረሽኝ ግቢ» አሉኝ። «እኔ የረሳሁትን አንቺ ትነግሪልኛለሽ።»
እሺ አልኳቸው። ምን እንደሚሉን አላውቅም።