በሻሽ ጫፍ የመጣው ፕሮሰሰር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ከቀኑ 9 ሰ.

ለምገጥመው ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ደሴ ተገኘ። ያገለገለ ነው። ንጹሕ ነው ይላል ሻጩ፤ ሻጭ ሌላ ምን ሊል! ፎቶ ላክ አልኩት፣ ላከ። ፎቶውን ሪያድ ላለችው ለሪም አስተላለፍኩ። በድምፅ መለሰች፦ ቀዳዳዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ ግዢው፤ ራሙን ግን ከሱ እንዳትገዢ፣ ዋጋ ቆልሎብሻል። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለሥራ ቤታቸው ስገባ የፊት ጥርሷ ገና ወልቆ አልበቀለም ነበር፤ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን እሷ ታዘኛለች፣ እኔ እሺ እላለሁ። ደስ ይለኛል ወላሂ።

ሻጩ ለማን ነው አለኝ። ለኔ። ለቢሮ ሥራ? ለጌም። ለወንድሜ መሆኑን ራሱ ወሰነልኝና ወንድምሽ ይወደዋል ብሎ ዘጋው። ኤዲያ!

አንች ደብተር እንኳ ታውቂያለሽ። ከሪም ቤት አይደል የመጣሽ፣ ከቀኝ የምትገለጪው። ማታ ሥራዬ ሲያልቅ ሪም አጠገቧ ታስቀምጠኝና አብረን እንጫወት ነበር። እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ ቁስል አሽጋለሁ። ጨዋታውም ውስጥ ሠራተኛ! ግን ያን ያህል የሳቅኩበት ቦታ የለም። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ይዘጋላትና ክረምቱን ሙሉ ነፃ ናት። ከዛ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ ከዛ በኋላ ማን ያውቃል። ስለዚህ እሷ ከዛ እኔ ከዚህ እንድንጫወት፣ ይሄ ኮምፒውተር ከክረምት በፊት መገጠም አለበት። አለበት!

መካነ ሰላም ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ ማንም አያወራኝም። እንዴት ነሽ ሰዓዳ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ። እናቴ እኔ እዛ ሳለሁ ሞተች። ቤቷ አሁን የወንድሜ ሚስት ቤት ነው። እኔ ተከራይ ነኝ፣ በተወለድኩበት ከተማ።

አርብ፣ ሚያዝያ 9

ኮምፒውተሩን መብራት የሚመግበው ፓወር ሳፕላይ በመናኸሪያ መጣ። ርካሹን ገዝቼ የተረፈውን ራም ላይ ልጨምር ነበር፤ ሪም ተቆጣች። በሁሉም ነገር ቆጥቢ፣ በሱ አትቆጥቢ አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው የሚያስፈራው። ጥሩውን ገዛሁ። ኬዝ ለሚሉት ሳጥን ግን ሳንቲም አላወጣም። ማዘርቦርዱ በራሱ ካርቶን ላይ ይተኛል፤ ምን ይሆናል፣ እንግዳ አይመጣብኝ!

አከራዬ እትዬ ሐዋ ካርቶኑን አዩት። የእሳቸው ሕግ፦ ምድጃ የለም፣ ካውያ የለም፣ ቆጣሪው አንድ ነው። 550 ዋት የሚለውን ቁጥር አንብበው ወገባቸውን ያዙ። ምድጃ ነው ወይ? አይደለም እትዬ፣ ኮምፒውተር ነው። ምን ይሠራል? ጨዋታ። ሳቁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ባል አግቢ፣ እሱም ያጫውታል፣ ቆጣሪም አይቆጥርም አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። ክፍሌ ስገባ ግን ሆድ ባሰኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ፕሮሰሰሩ አገር ገባ! ሪምና እኔ ድሮ አብረን ከገጠምነው ኮምፒውተር ላይ ሪም በጇ የነቀለችው ነው። ያመጣችው ትርንጎ ናት፣ የወግዲ ልጅ። የሪም አክስት ቤት ትሠራ ነበር፣ ውሏ አልቆ መጣች። ፊቷን አይቼ አላውቅም፣ ድምፅ ብቻ። ነገ ወግዲ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15። ማታ 1 ሰ.

ከወግዲ አሁን ገባሁ።

ትርንጎ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ በዐረብኛም በአማርኛም። ቤቱን፣ ራሷ ያስለወጠችውን ቆርቆሮ አሳየችኝ። ከዛ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ከወገቧ ላይ ሻሽ ፈታች። የሻሹን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ፕሮሰሰሩ። ራቁቱን! የላስቲክ ማቀፊያውን ኤርፖርት ላይ ጥላዋለች፤ ሻንጣ ይፈትሻሉ ሲባል ሰምታ፣ ሪም ደግሞ የማሽኑ አእምሮ ነው ብላት፣ እንደ ወርቅ ሻሿ ጫፍ ቋጥራ ሆዷ ላይ አሰረችው። ከሪያድ እስከ ወግዲ። ስትተኛም አልፈታችውም።

ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች በአንድ ወገን ተጣመዋል። ክው አልኩ። አበላሽተሽዋል አልኳት። ጮክ ብዬ፣ አባቷ እየሰሙ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለኔ ብላ ዶሮ አዘጋጅታ ነበር፣ ሙስሊም ጎረቤቷን ለምና አሳርዳ። አልበላሁም። መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። መኪናው አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው ሲጠብቅ ቆመ፤ እኔም ውስጡ ተቀምጬ፣ እየራበኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ከነጋ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ነኝ። መርፌና ወረንጦ። ሪም በስልክ ትመራኛለች፦ ቀስ፣ ወደ ኋላ አትመልሺው፣ አንዴ ነው የሚጎብጠው፣ ሁለተኛ ይሰበራል። ላቤ ይንጠባጠባል። እሾህ ማውጫ ወረንጦ ለዚህ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ! ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ ብቻዬን ቀጠልኩ።

ገባ። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅኩት፣ ሳልጫነው በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። ማንም አላየም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

በራ!! ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጽሑፍ አወጣ። ለማን ልንገር? ሪም ፈተና ላይ ናት። ወንድሜ ስንት ፈጀ ነው የሚለኝ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ፣ ቆምኩና ትርንጎ ጋ ደወልኩ። በራ አልኳት። እልል አለች! ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት አፌ ላይ ነበር፤ መብራት ሄደ እንጂ። ሰበብ ነው፣ ስልኩ መች ተቋረጠ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ትርንጎ ዛሬም መጣች፣ የተሸከምኩትን ልይ እያለች። አሁን በየገበያው ቀን ነው የምትመጣው። አልጋዬ ላይ ትቀመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች። መጫወት አትፈልግም። በነፃ ያወረድኩት የእርሻ ጨዋታ አለ፣ እሱን እኔ ስጫወት እሷ ታያለች፤ ላሞቹን አታስርቢያቸው ትለኛለች። ግማሽ ዐረብኛ፣ ግማሽ አማርኛ እናወራለን። የሪምን አክስት አነጋገር ስታስመስል ሳቄ አነቀኝ። እትዬ ሐዋ ምን ሆናችሁ ብለው መጡ፤ ማዘርቦርዱ ራቁቱን መሆኑን አይተው አዘኑለትና ዳንቴል አለበሱት። ሊቃጠል ነበር!

የሪም ጨዋታ ግን እምቢ አለ። ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይችለውም፤ ሰዉ እየተቆራረጠ ነው የሚሮጠው። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው ግራፊክስ ካርድ የግድ ነው። አዲሱ የማይቀመስ ነው። ሪም የድሮውን አስቀምጣልኛለች፣ በነፃ። ከሪያድ የሚመጣ መንገደኛ ሞልቷል፤ የጠፋው ከነሪም በር ተቀብሎ ለመንገደኛው የሚሰጥ ሰው ነው። እናቷ የማታውቀውን ሰው በር ላይ አታስቆምም። ትርንጎን ያውቋት ነበር።

አቤት፣ አንድ ዕቃ ቀረኝ። አንድ!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25። ከቀኑ 10 ሰ.

ትርንጎ አሁን ወጣች። የሪም አክስት ደውላላታለች፣ ተመለሺ ብላ። ወረቀቱን እነሱ ይጨርሳሉ። ምን ትይኛለሽ ሰዓዳ አለችኝ።

ምን አልኳት? ካርዱን! ምላሴን በቆረጠው። ገና ሳትጨርስ፣ እንደዛ ከሆነማ ካርዱን ከሪም ተቀብለሽ ትልኪልኛለሽ አልኳት። እሺ አለች፣ ፈገግ ብላ። አሁን በሆዴ አይደለም፣ ከነካርቶኑ አለች። ከዛ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ብር አይደለም የሚወስደኝ፤ የአባቴ ቤት ሰው ሞልቶበታል፣ የሚፈልጉትን ይጠይቁኛል፣ ሲያገኙ ይተኛሉ። እዛ ቢያንስ ማዳሜ ትርንጎ ብላ ትጠራኛለች፣ ቀኑን ሙሉ።

እኔ ስለ ካርዱ ስፋት እያሰብኩ ነበር።

ለሪም ጻፍኩላት፣ ካርዱ ሊመጣ ነው ብዬ። በደስታ ጮኸች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 29

የገበያ ቀን። ትርንጎ አልመጣችም፣ ለፓስፖርቷ ደሴ ሄዳለች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከላሞቹ አንዷ ውኃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ይቺን እያት ብዬ በዐረብኛ ዞር አልኩ። አልጋው ባዶ።

ያ አላህ። አንድ ቃል የሚገባት ሰው ለማግኘት ነው ይሄን ሁሉ ብረት የሰበሰብኩት። ሰውየዋ ግን ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ወር ሙሉ። እኔ ዕቃ ጎድሎኛል እላለሁ።

ስትሄድ ካርዱ ይመጣል። ሪም በስክሪኑ ትመጣለች፣ ለክረምት። ከዛ ሪምም ትሄዳለች፣ መሄዷም ደግ ነው፣ ልጅ ናት። ያኔ እኔ ካርዱን አቅፌ ልቀመጥ?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2። ማታ 12 ሰ.

ትርንጎ ከደሴ ተመልሳለች። ፓስፖርቱን ሰጥተዋታል። ሐሙስ አዲስ አበባ ትወርዳለች።

ለሪም ደወልኩ። ካርዱ አይመጣም፣ ክረምቱን አንጫወትም አልኳት። ለምን አለች። ነገርኳት። አለቀሰች፣ እኔም። አኮረፈችኝ፤ ቻው ሳትል ዘጋች። ይብረድላት። ልቤ ግን ቅጥል ብሏል፣ ልጄ ናት።

እትዬ ሐዋን ጠየቅኳቸው፣ አንድ ሰው ክፍሌ ብጨምርስ? ወንድ? ሴት። የውኃ ትጨምሪያለሽ አሉ። እጨምራለሁ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ወግዲ። እምቢ ብትለኝስ? ትችላለች። ወረቀቱ አልቋል፣ እኔ ራሴ ሂጂ ያልኳት ያህል ነው። ሥራ አላገኘሁላት፣ የምሰጣት ነገር የለኝም፣ ግማሽ አልጋ እንጂ። እዛ ሄጄ ሻዩ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ፊት ለፊት አትሂጂ እላታለሁ። ምክንያቱን ከጠየቀችኝም እውነቱን፣ አባቷ እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ፦ አንች ከሄድሽ እኔ ሰው የለኝም።