የወንድሜ መኪና አራት ጉሮሮዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከጧቱ 3 ሰዓት

ኮፈኑ ተከፍቷል። ሞተሩ ሞቋል። ቱቦዬ ጆሮዬ ላይ ነው። ማስታወሻዬ፣ ዘይት ከነካሽ አትቆጪ፤ ጋራዥ የሚያድር ደብተር ነጭ አይለብስም።

የወንድሜ ስፖርት መኪና ናት። ሌላው መኪና በአንድ ጉሮሮ አየር ይስባል። ይቺ ቅምጥል ግን ለአራት ሲሊንደር አራት ትሮትል አላት። አራቱ እኩል ካልተነፈሱ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ትንቀጠቀጣለች። እኔ የማስተካክለው በጆሮ ነው። የጎማውን ቱቦ አንዱን ጫፍ ትሮትሉ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ። ፉጨቱ ከሳሳ ብሎኗን ከፈት፣ ከበረታ ዘጋ። ማንም አላስተማረኝም።

ቅዳሜ የወንድሜ ሚስት ኢዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ ትጨርሳለች። ባሏ ከሞተ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ከቤት ሳትወጣ። ልጇ ዘሃራ በአባቷ መኪና ይዛት ኮምቦልቻ ልትወርድ አስባለች። ትደርሳለች ብያለሁ። ወላሂ ብዬ።

ማክሰኞ፣ 11። ከሰዓት

ጨረስኩ ብዬ ነበር። ከቁ.1 እስከ ቁ.4 እኩል ያፏጫሉ፤ ሞተሩ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል። ካንዴላ ቀየርኩ። ምንም። እንደገና አዳመጥኩ። እኩል። ነዳጁን ሰደብኩ።

ዘሃራ ከፈረቃ ወጥታ ከኮ/ቻ መጣች። የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ በቅጥነቷ ላይ ሥራዋ ተጨምሮ "ክር" ነው የምላት። ሳትበጠሺ ደረስሽ ወይ አልኳት።

"አጎቴ፣ እርስዎ ደግሞ!"

ቀጥላ የሆነ ነገር አለች። አልተሰማኝም። ፋብሪካው ምላስሽንም ፈተለው ወይ ብዬ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ 12

አልሠራሁም። ወንድሜ ይቺን ሞተር ሲያስነሳ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ለቅሶው ላይ እንኳ ቀልጄ ሰው አስቄያለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ይህን ለሌላ ሰው አላወራም፤ ላንቺ ብቻ።

ሐሙስ፣ 13። 11 ሰዓት

ዘሃራ የግሉኮስ ቱቦ ገዝታ መጣች፤ ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ። ፋብሪካ ውስጥ የክር ውጥረት በጣት አይለካም አለችኝ፣ መለኪያ አለው።

"ጆሮ ይደክማል፣ አጎቴ። ዘይት አይደክምም።"

ቱቦውን አጥፈን ቀይ የመሪ ዘይት ጨመርንበት። ሁለቱን ጫፎች ሁለት ትሮትሎች ላይ ሰካን። ዘይቱ በሁለቱም በኩል እኩል ከቆመ እኩል ይስባሉ ማለት ነው። 1 እና 2፦ እኩል። 3 እና 4፦ እኩል። 2 እና 3 ላይ ስንሰካ ዘይቱ ወደ 2 ተስፈንጥሮ ሞተር ሊገባ ምንም አልቀረው።

ከጀርባው አብዝቶ የሚስበው የጠበበ ጉሮሮ ነው፤ 3 እና 4 ከልክ በላይ ተከፍተዋል። ተደብቀው ይበላሉ ማለት ነው ብዬ ቀለድኩ። ከዚያ የቆምኩበትን አየሁ።

ቁ.1ንና 2ን ሳስተካክል የቆምኩት በዚህኛው በኩል ነው፤ ቱቦው በቀኝ ጆሮዬ። ለ3 እና 4 ዞሬ በግራዬ። እዚያው ቁ.4 ላይ ቱቦውን ከጆሮ ጆሮ አቀያየርኩት። በቀኝ፦ ፉጨት። በግራ፦ ጥጥ። ሱብሃን አላህ። ግራው ሳስቶ ሲሰማኝ ነው ብሎኑን ስከፍት የኖርኩት።

ዘሃራ አየችኝ። አብሽሩ፣ አይዞዎት አለች። አሁን ነው የገባኝ፤ ይቺ ልጅ ከቆየ ጀምሮ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነው የምትቀመጠው።

ዓርብ፣ 14። ከጁምዓ በኋላ

በቀዩ ዘይት አራቱም ተስተካከሉ። ሚኒሞዋ ረጋ። ዘሃራ መሪውን ይዛ አለቀሰች። ነገ እናቷን ይዛ ትወርዳለች፣ ኢንሻአላህ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሶላት ላይ ትዝ አለኝ። ባለፈው እሁድ ሁሴን የሚባል የአይሱዙ ሾፌር መጥቶ የፊት ጎማዬ ይፈጫል አለኝ። በክሪክ አነሳሁት። ካቻቢቴውን ጎማው እምብርት ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ኩሽኔታው ደህና ነው አልኩት። ጆሮህን አስመርምር ብዬ ሳቅኩበት። ተሸማቆ ሄደ። በየትኛው ጆሮዬ ነበር? እንደዚያ ቀን ተንበርክኬ ሞከርኩት። በግራ።

ሁሴን ከኩታበር እህል ጭኖ በሐረጎ ቁልቁለት ነው ኮ/ቻ የሚወርደው። ኩሽኔታው ተበልቶ ከሆነ ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል።

ብነግረው ደሴ ሁሉ ይሰማል። የኔ ሥራ ደግሞ ጆሮዬ ነው። ቢሆንም እነግረዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን አዳምጬ ጎማ አላሳልፍም።

ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ሦስተኛው ነው። ካነሳ እንዳልቀልድ የምለውን እዚህ ልጻፈው፦ ሁሴን፣ ያለህበት ቁም። ጭነት ይዘህ እንዳትወርድ። ያንተ ጆሮ ደህና ነው፤ የደነቆርኩት እኔ

እየጠራ ነው።