የጎንህ ወንበር

ወንድሜ፣

ከሥራ እስክትመለስ ልጠብቅህ ነበር፤ ካየሁህ ግን እግሬ አይነሳም። እህታችን ጋ ሄጃለሁ፤ እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ። የቤት ቁልፌ ፍሪጁ ላይ ነው።

ያቺን ባለሦስት ጎማ የእሽቅድምድም መኪናህን አጥቤያታለሁ። የኋላ ጎማዋ ቀስ እያለ ስለሚተነፍስ በየሁለት ቀኑ ንፋስ ሙላላት። የምትገፋው በሱ ብቻ ነውና ዝናብ ላይ ስትታጠፍ ነዳጅ አትርገጥ። ትሮጣለች ብለህ ልብህ አይበጥ።

የግራ ፓራፋንጎዋን የጫረው ጎረቤት አይደለም፤ እኔ ነኝ። ልነግርህ ፈርቼ ነው።

ያን ሰሞን "ክብደት ይቀንስላት" ብለህ የጎንህን ወንበር ስትፈታ መፍቻ አቀብዬሃለሁ። ቆዳውን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ግን ታውቃለህ። "አሁንማ ትበራለች" አልከኝ፤ አብሬህ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ በረንዳ ላይ ቆሜ ድምጿ ከመታጠፊያው ወዲያ እስኪጠፋ እሰማ ነበር።

ዛሬ ወንበሩን መልሼ ገጥሜዋለሁ። ትንሽ ከነዳህ በኋላ አራቱን ብሎኖች ደግመህ አጥብቃቸው።

ለራሴ ብዬ እንዳይመስልህ። ባለፈው እሁድ ስትመለስ በመስኮት አይቼሃለሁ።

ወደ ባዶው ቦታ ዞረህ እያወራህ ነበር።