ለቅሶ ላይ ያለው ሸራ

ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.፣ ወረታ

ዛሬ ልቤ አልረጋ አለኝ። ጠዋት የመንገድ ሥራው ካምፕ ስደርስ ለድልድዩ የመጣው ሲሚንቶ ራቁቱን ተቀምጧል፤ የምንሸፍንበት ሸራ የለም። ዘበኛውን አያ ታከለን ብጠይቃቸው፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው፣ «ጎረቤቴ አርፈው ለለቅሶው ድንኳን ሰጠሁት። ሰው በዝናብ ይቀመጥ እንዴ?» አሉኝ። ዕቃውን የተረከብሁት እኔ፣ የምጠየቀው እኔ!

ተናድጄ ልነቅለው ሄድሁ። ገና ከሩቁ እኔው በጣፍሁት እራፊ አወቅሁት። የሟቹ ባለቤት ግን ለቅሶ ልደርስ የመጣሁ መስሏቸው፣ «አንተም በዚህ ጭቃ መጣህልኝ፣ ልጄ?» ብለው አለቀሱ። «እግዜር ያጥናዎ» ብዬ ከገዛ ሸራዬ ሥር ተቀመጥሁ። ንፍሮም በላሁ።

አሁን በጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጋቢዬንና የምተኛበትን ሰሌን ሲሚንቶው ላይ ጣልሁ፤ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። እወጣለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ እገባለሁ፤ መልሼ እወጣለሁ። ነገ አለቃችን ካቦው «ሸራው የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። ለቅሶ ላይ ነው እለዋለሁ። ካልጣመው ራሱ ሄዶ ይንቀለው።

እሱንም «አንተም መጣህልኝ፣ ልጄ?» ይሉታል።