ለቪዛው ያስጻፍኩት የሥራ ደብዳቤ

ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር ያከረምኩት ውሸት አለ። ለአውስትራሊያ ገጠር የባለሙያ ቪዛ ያስጻፍኩት ደብዳቤ ዘጠኝ ዓመት ብየዳ ሠርቷል ይላል። ሦስቱን ዓመት ግን ነፍሷን ይማርና ባለቤቴን ሳስታምም ብረት አልነካሁም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ነገርኳቸው።

«ማስታመሙም ሥራ ነበር» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ፈረንጁ ግን የጠየቀህ ስለ ብረቱ ነው።»

«ስድስት ዓመት ብዬ ባይቀበሉኝስ፣ አባ?»

«የቤተ ክርስቲያኑን የግቢ በር ትበይድልናለህ፤ ማጠፊያው ከተነቀለ ከረመ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያው በቀጥታ ወደ አሠሪዬ ሄድኩ፤ ደብዳቤውን አርሞ ማኅተም መታልኝ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ በሩጫ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ስድስት ዓመት የሚለውን አያይዤ ማመልከቻዬን ላክሁ።